ሽያጩ አልቆ ገንዘቡ ሲያዝ፦ የሰሜን ሸዋ የኦንላይን ሻጮችና የአካውንት እገዳ

የመንዝ በርኖስና ባና፣ የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ፣ ሞሰብ፣ በርበሬና ሽሮ በኦንላይን ገበያ በኩል ባሕር ማዶ ይሸጣሉ። ገዢው በአብዛኛው ዳያስፖራ ነው፤ የእጅ ሥራ የሚወድ ፈረንጅም አይጠፋም። ሥራው ደህና ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቀን አካውንቱ ይታገዳል፣ የተሸጠበት ገንዘብም ባለበት ይያዛል። ሱፉን የፈተለችው ሴትና የሸመነው ሰው ግን ዋጋቸውን በገበያ ቀን እጅ በእጅ ተቀብለው ሄደዋል። ስለዚህ ለሻጩ የታሰረበት ትርፉ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ዙር ሱፍ የሚገዛበት ዋና ገንዘቡ ጭምር ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምቀኛ ተፎካካሪን ነው፤ ቀጥሎ «ሲስተሙን»። የእገዳ ደብዳቤው በእርጋታ ሲነበብ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃው ጥራት አንድም ቃል የለውም። የሚጠይቀው አንተ ማን ነህ፣ የት ነህ፣ ገንዘቡስ የማን ነው የሚለውን ነው። ከአገራችን የሚነሣ ሻጭ ለእነዚህ ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ እያለው እንኳ ሰነዶቹ እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ይወድቃል።

ስምና ቀን

ኦንላይን ገበያዎቹ «የመጨረሻ ስም» ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። አንዱ ሰው አካውንቱ ላይ የአባቱን ስም ያስገባል፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም ይሆናል፣ ባንኩ ደግሞ ሦስቱንም ደርድሮ ይጽፋል። በላዩ ላይ የላቲን ፊደሉ አለ፤ ወልደ ማርያም አንዱ ሰነድ ላይ ተጣብቆ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ፣ ሦስተኛው ላይ በአሕጽሮት ተጽፎ ይገኛል። ፀሐይና ኃይሌም እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። ሰነድ የሚያነበው በመጀመሪያው ዙር ብዙውን ጊዜ ማሽን ስለሆነ ሦስቱ አጻጻፎች ሦስት ሰዎች ይሆኑበታል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ አካውንት ከመክፈት በፊት ግን መሠራት አለበት። ፓስፖርቱን መነሻ አድርጎ የባንክ ሒሳቡን፣ የንግድ ፈቃዱን የእንግሊዝኛ ቅጂና የፋይዳ መታወቂያውን በአንድ አጻጻፍ ማስተካከል። ባንኩ ስሙን ለማረም የማመልከቻ ደብዳቤና የመታወቂያ ቅጂ ይጠይቃል፤ ከእገዳ በኋላ የሚደረግ እርማት ግን ለገበያው ጥርጣሬ ይጨምርበታል።

ቀኑ የባሰ ነው። በእጅ የተጻፈ የሱፍ መግዣ ደረሰኝ ላይ 15/2/2018 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ለእኛ ጥቅምት 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2025። ሰነዱን ውጭ አገር ሆኖ የሚያየው ሠራተኛ ግን ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ከ7 ዓመት በላይ ያለፈበት ደረሰኝ ማለት ነው። አማዞን ዕቃው ከየት እንደተገዛ ሲጠይቅ የሚቀበለው ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ የተቆረጠ ደረሰኝ በመሆኑ ሰነዱ ወዲያው ውድቅ ይሆናል፤ ሻጩም ትክክለኛ ደረሰኝ አቅርቦ «ሰነድዎ ተቀባይነት የለውም» የሚል መልስ ለምን እንደመጣበት ግራ ይገባዋል። ደረሰኙ ሲቆረጥ ሁለቱንም አቆጣጠር ማስጻፍ ነው የሚሻለው። ከተቆረጠ በኋላ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ መጨመር ግን ሰነድ መደለዝ ነው፤ እሱን አለመንካት፣ ይልቁንም ማኅተም ያለው ትርጉም አሠርቶ የተቀየረው ቀን በትርጉሙ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ።

መንዝ ገበያ ላይ ከገበሬ ወይም ከሸማኔ የተገዛ ባና ደረሰኝ የለውም። ለዚህ የግዥ ቫውቸር ማዘጋጀት ነው፤ የሻጩ ሙሉ ስም፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ፣ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። አብሮት የዕቃው ፎቶ ቢያያዝ ይመረጣል። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ «ዕቃው ከየት መጣ» ለሚለው ጥያቄ ግን ከእሷ የተሻለ መልስ አይገኝም።

አድራሻ ሌላው ጣጣ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ላይ «ደብረ ብርሃን፣ ቀበሌ 05» ብቻ ተጽፎ ይላካል። የመብራት ደረሰኙ በአከራዩ ስም ነው፣ የቀበሌው የነዋሪነት ደብዳቤም በአማርኛ። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው በእንግሊዝኛ የታተመ፣ ማኅተም ያለበት፣ የቅርብ ወራት የባንክ መግለጫ ነው። አድራሻው በመግለጫው ላይ እንዲወጣ ቅርንጫፉን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካልተጠየቀ የቅርንጫፉ ስም ብቻ ይወጣና የሻጩ መኖሪያ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

በዘመድ ስም የተከፈተ ሱቅ

ብዙው መዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት የአሜሪካው ኦንላይን ገበያ ኢትሲ ሻጮቹ በራሱ የክፍያ ሥርዓት እንዲጠቀሙ ይጠይቃል፤ ሥርዓቱ በሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች እኅት፣ ወይም የአጎት ልጅ፣ በስሟ ሱቅ ትከፍታለች፤ ደብረ ብርሃን ያለው ወንድም ዕቃ ይለጥፋል፣ ለገዢ ይመልሳል፣ ይልካል። በቤተሰብ ዓይን ነውር የለበትም። በገበያው ዓይን ግን ሱቁ ያለው አሜሪካ ነው፣ ዕቃው የሚነሣው ከኢትዮጵያ ነው፣ የሚገባበት ስልክ አንዴ ከቨርጂኒያ አንዴ ከሰሜን ሸዋ ነው። የተጠለፈ ወይም የተከራየ አካውንት የሚታወቀው በዚሁ ምልክት ነው።

ኢንተርኔት ሲታፈን ቪፒኤን መጠቀም ለምዶብናል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሰው ባገኘው ዋይፋይና ባገኘው ቪፒኤን ይገባ ነበር። ሰኞ ከሆላንድ፣ ማክሰኞ ከሲንጋፖር፣ ረቡዕ ከካናዳ የሚገባ ሻጭ በየትኛውም የደኅንነት ሥርዓት ቀይ መብራት ያበራል። የሻጭ አካውንት በቪፒኤን አለመክፈት ነው የሚበጀው። በአንድ ካፌ ኮምፒውተር ወይም በአንድ ስልክ የብዙ ሰው ሱቅ መክፈትም ሌላ መዘዝ አለው፤ አንዱ ሲታገድ «ተያያዥ አካውንት» ተብሎ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ከአንድ ቴሌግራም ቻናል የወሰዱትን የበርኖስ ፎቶ አራት ሱቆች ላይ የሚለጥፉም እንደዚሁ ናቸው።

በዘመድ ስም መሥራት የግድ ከሆነ በግልጽ ይሠራ። ሱቁ የእኅትየው ይሁን፤ ወንድሙ በብዙዎቹ ገበያዎች ላይ እንደሚፈቀደው የሱቁ ረዳት ወይም አምራች ሆኖ በራሱ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ ዕቃው ከኢትዮጵያ እንደሚላክ በሱቁ ገጽ ላይ ይጻፍ። በሁለቱ መካከል ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ይኑር። እኅትየዋ በሽያጩ ልክ የግብር ኃላፊነት እንደሚመጣባትም ከመጀመሪያው ትወቅ። ከሁሉ የከፋው በቴሌግራም የሚሸጥ «ቬሪፋይድ አካውንት» (ማንነቱ ተረጋግጦ ያለቀ አካውንት) ነው፤ የማያውቁት ሰው ፓስፖርት የተከፈተበት ስለሆነ ሲታገድ አቤት የሚል ባለቤት የለውም። ገንዘቡም በሕግ የዚያው ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ጠበቃም ብዙ አይረዳም።

ሱቁ እያደገ ሲሄድ ድንገት የሚመጣ ማጣሪያም አለ። በአሜሪካ ኢንፎርም ኮንሲዩመርስ የሚባለው ሕግ ከሰኔ 20 ቀን 2015 (ጁን 27 ቀን 2023) ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 200 እና ከዚያ በላይ ሽያጭ አድርጎ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስገባ ሻጭ የባንክ ሒሳቡን፣ የግብር መለያውንና አድራሻውን እንዲያረጋግጥ ገበያው የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ቀነ ገደቡ 10 ቀን ነው፤ ካልቀረበ ገበያው ሻጩን ማገድ አለበት። ሱቁ በደንብ መሸጥ በጀመረበት ሰሞን «ቀንተውብኝ ዘጉኝ» የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ የመታው ይኸ ሕግ ነው። 180ኛው ሽያጭ ላይ ሲደረስ ሰነዱ ተዘጋጅቶ ቢቆይ ምንም አይፈጠርም።

ትንሽ ሻጭና በመቶኛ የሚለካ ጥፋት

አማዞን ለሻጮቹ የሚያስቀምጠው ልክ ይታወቃል፤ የተበላሸ (ገዢው ያማረረበት) ትዕዛዝ ከ1 በመቶ በታች፣ ዘግይቶ የተላከ ከ4 በመቶ በታች፣ ሳይላክ የተሰረዘ ከ2.5 በመቶ በታች። ሺህ ትዕዛዝ ለሚልክ ድርጅት ይህ ሰፊ ነው። በሁለት ወር 40 ባና ለሚልክ ሰው ግን አንድ ቅር ያለው ገዢ 2.5 በመቶ ነው፤ የልኩ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ሁለት የዘገየ ዕቃ ደግሞ 5 በመቶ። ለአነስተኛ ሻጭ የአንድ ሰው ኩርፊያ ሱቅ ይዘጋል ማለት ነው፤ አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ያም ሆኖ ልኩ ስለማይለወጥ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው ከመላኪያ ጊዜ ነው። ሻጩ ቅጹ ላይ «በ2 ቀን ይላካል» ብሎ ያስገባል። ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ አውቶቡስ ወይም ለዘመድ ሰጥቶ በዚያው ቀን «ተልኳል» ይላል። የፖስታ ክትትሉ የሚጀምረው ግን ፖስታ ቤቱ ዕቃውን ተቀብሎ ሲመዘግብ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ለመሄድና ሰው እስኪያደርስለት በመጠበቅ የሚያልፉት አራት አምስት ቀናት በገበያው መዝገብ መዘግየት ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ወይም መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ይብሳል። የመላኪያውን ጊዜ 7 ወይም 10 ቀን ብሎ መሙላት፣ «ተልኳል» የሚለውን ደግሞ የክትትል ቁጥሩ ከእጅ ሲገባ ብቻ መንካት። የኢኤምኤስ (የፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት) ቁጥር 13 ምልክት ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ሁለት ፊደል። አንዷን አሃዝ አሳስቶ ማስገባት ዕቃው ገዢው እጅ ገብቶ እንኳ «አልተላከም» ያሰኛል።

ሁለተኛው ከገለጻ ነው። የመንዝ ሱፍ ቀለም ሳይነከር ጥቁር፣ ቡኒና ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለት በርኖስ አንድ አይሆንም። በአንድ ፎቶ አሥር በርኖስ መሸጥ «እንደተገለጸው አይደለም» የሚል ክስ መጥራት ነው። የሚላከውን ራሱን ፎቶ ማንሣት፣ ርዝመትና ስፋቱን በሴንቲ ሜትርም በኢንችም መጻፍ፣ ክብደቱን መጨመር፣ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ እንደሚችል ማሳወቅ። የሱፉ ሽታና የጭስ ሽታ በጣም ያማርራል፤ ከመታሸጉ በፊት ነፋስ ላይ ሰንበት ማለት አለበት። ከሸዋ ሮቢት ቆላም ይሁን ከደጋው የሚሸጠው ማርና ጥቁር አዝሙድ ላይ «ስኳር በሽታ ያድናል» ብሎ መጻፍ ደግሞ ያልተፈቀደ መድኃኒት እንደመሸጥ ይቆጠራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ እንኳ ላይሰጥ ይችላል።

ሦስተኛው አዲስ ነው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ የነበረውን አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 (ኦገስት 29 ቀን 2025) ጀምሮ ለሁሉም አገሮች አንሥታለች። ገዢው ሳያስበው ቀረጥ ሲጠየቅ ዕቃውን አልቀበልም ይላል፣ ዕቃው ይመለሳል፣ ገንዘቡንም ይጠይቃል። ቀረጡ በማን ላይ እንደሆነ በዕቃው ገጽ ላይ ካልተጻፈ ክርክሩ የሚያልቀው በሻጩ ሽንፈት ነው።

ገንዘቡ ስንት ቀን ይቆያል?

የተያዘ ገንዘብ እንደ ተወረሰ መቁጠር ስህተት ነው። በአብዛኛው ቀን ተቆጥሮለት የተቀመጠ ነው፤ ቀኑ የተመረጠበት ምክንያትም አለ። ገዢ በፔይፓል በከፈለ በ180 ቀን ውስጥ ክርክር መክፈት ስለሚችል ፔይፓል የተገደበን አካውንት ገንዘብ እስከ 180 ቀን ይይዛል። አዲስ ሻጭ ላይ የሚደረገው ተራ ማቆያ ግን እስከ 21 ቀን ነው፤ ዕቃው መድረሱ በክትትል ቁጥር ሲረጋገጥ ቀድሞ ይለቀቃል። አማዞን ታግዶ የቆመን ሻጭ ገንዘብ 90 ቀን ያቆየዋል፤ የገዢዎቹ የካሳ ጥያቄ ጊዜ ከዚያው ጋር ይሄዳል።

ሳይታገዱም ገንዘብ ይያዛል። ኢትሲ በ2023 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ሻጮች ላይ 75 በመቶ የሚሆነውን ገንዘባቸውን እስከ 45 ቀን እየያዘ ብዙ ጩኸት ተነሥቶበት ነበር፤ ኋላ ለአብዛኞቹ ወደ 30 በመቶ ዝቅ አደረገው። ይህ በደብረ ብርሃን ሻጭ ላይ ቢደርስ ምን እንደሚመስል እናስላ። በየ15 ቀኑ የ1,000 ዶላር ዕቃ የሚሸጥ ሰው በ45ኛው ቀን ሦስት ዙር ጨርሷል፤ 2,250 ዶላሩ ተይዟል፣ በእጁ የገባው 750 ነው። ለሸማኔ፣ ለፖስታና ለሱፍ ያወጣው ግን የሦስቱን ዙር ነው። በ30 በመቶ ሲሆን የሚያዘው 900 ዶላር ነው፤ ያማል እንጂ ሥራ አያቆምም። ስለዚህ ሁለት ዙር ያህል ወጪ ከሽያጩ ውጭ ሳይኖር በብድር ሱፍ ሰብስቦ መግባት አደጋ አለው። ሸማኔውን «ዶላሩ ሲገባ» ብሎ ማቆየት ደግሞ መንዝ ላይ ሁለት ጊዜ አይሠራም።

እገዳው በመጣ ቀን

ሌላ አካውንት አይከፈት። ይህ ብቻውን ሊፈታ የሚችለውን እገዳ የዘላለም ያደርገዋል። መግባት እስከተቻለ ድረስ የትዕዛዝ ዝርዝሩን፣ የቀሪ ሒሳቡን ገጽ፣ የክትትል ቁጥሮቹንና ከገዢዎች ጋር የተደረጉትን መልእክቶች ማውረድ፣ ስክሪንሾት ማንሣት፣ ኢሜይሎቹን አለመሰረዝ። የተከፈለባቸውንና ያልተላኩትን ዕቃዎች ገበያው አትላክ ካላለ በክትትል ቁጥር መላክ፤ ያልደረሰ ዕቃ ሁሉ ከተያዘው ገንዘብ ይቀነሳል። ክርክር ከተነሣና ሻጩ ጥፋተኛ ከሆነ ቶሎ ገንዘቡን መመለስ በኋላ ከሚመጣ ተጨማሪ ክፍያና ከመጥፎ ነጥብ ያድናል።

አቤቱታው ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «ቤተሰቤን የማስተዳድረው በዚህ ሥራ ነው፣ ምንም አላጠፋሁም፣ እባካችሁ ክፈቱልኝ።» እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን የሚፈልገው ነገር ውስጡ የለም። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «ከዲሴምበር 1 እስከ 20 ባሉት ቀናት 6 ትዕዛዞች ዘግይተዋል። የመላኪያ ጊዜው 2 ቀን ተብሎ ተሞልቶ ሳለ ዕቃው ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ለ6ቱም ገዢዎች የመላኪያ ዋጋ መልሰናል፣ አባሪ 1። የመላኪያ ጊዜውን ወደ 7 ቀን ቀይረናል፣ አባሪ 2። ከእንግዲህ ተሠርቶ ያላለቀ ዕቃ አይለጠፍም።» ምክንያት፣ የተደረገ ነገር፣ ወደፊት የሚደረግ፤ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። በየቀኑ አቤቱታ መላክ ተራውን ወደ ኋላ ከመግፋት ያለፈ ጥቅም የለውም። በአምስት ሺህ ብር እናስከፍትልሃለን የሚሉ ቴሌግራም ላይ አሉ፤ የሚጠይቁት የይለፍ ቃልና በስልክ የሚመጣውን ኮድ ነው፤ ቀሪ ሒሳብ ካለ የሚሄደውም ያኔ ነው።

ሕጉስ? የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 5 ቀን 2012 (ጁላይ 12 ቀን 2020) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ቁጥር 2019/1150 መሠረት ገበያው ሻጩን ሲያግድ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት፣ ሙሉ በሙሉ ሲያሰናብት ደግሞ በአብዛኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ነፃ የቅሬታ መስመርም ይኖረዋል። ደንቡ የሚጠብቀው ግን በኅብረቱ ውስጥ የተቋቋመን ነጋዴ ነው። ፍራንክፈርት ያለችው እኅት በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበች ነጋዴ ከሆነች ይህን መብት በስሟ ትጠይቃለች፤ ደብረ ብርሃን ያለው ወንድም አይችልም። በአሜሪካ ገበያዎች የሚቀረው በውሉ ላይ የተጻፈው የግልግል ዳኝነት ነው፤ ለ600 ዶላር ግን ወጪው ከገንዘቡ ጋር ይወዳደራል።

አገር ውስጥ በቴሌግራምና በፌስቡክ ለሚሸጠው መንገዱ አጭር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ የቴሌግራም ንግግርና የቴሌብር ማረጋገጫ ማስረጃ ይሆናሉ፤ ሳይጠፉ ይቀመጡ። ባንክ ሒሳብ ሲያግድ በጽሑፍ ቅሬታ ለቅርንጫፉ፣ ካልተፈታ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ለብሔራዊ ባንክ። በየደረጃው የገቢ ደብዳቤ ቁጥር መቀበል አይረሳ፤ ቁጥር የሌለው ቅሬታ እንዳልቀረበ ነው።

የውጭው ገንዘብ 90ም ይሁን 180 ቀኑ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በራሱ አይመጣም። አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ገንዘቡ እንዲወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የተመዘገበው ባንክ ሒሳብ ተዘግቶ ከሆነ ወይም በመሃል ስሙ ከተቀየረ ዶላሩ ይመለስና ማጣሪያው እንደገና ይጀምራል። ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሒሳቡ ክፍት መሆኑን፣ ኢሜይሉም የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በቀኑ ደግሞ የቀሪ ሒሳቡን ገጽ ፎቶ አያይዞ በጽሑፍ መጠየቅ።